ሳቅን ወደ ቴአትር ቤት የመለሰው ኦሊቨር ጎልድስሚዝ

በ1773 ዓ.ም. የማርች ወር ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በሎንዶን ከተማ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አጠገብ ከሚገኘው ከፍራንሲስ ኒውበሪ የመጻሕፍት መደብር አንዲት ቀጭን የቴአትር መጽሐፍ ለሽያጭ ወጣች። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) የመጽሐፊቱ ስም በአማርኛ ቢመለስ «ዝቅ ብላ ረታች» ወይም «የአንዲት ሌሊት ስሕተቶች» የሚል ሲሆን፣ በፊተኛው ገጽዋ ላይ በኮቨንት ጋርደን ንጉሣዊ ቴአትር ቤት የታየች ኮሜዲ መሆኗና ደራሲዋም ዶክተር ጎልድስሚዝ መሆኑ ተመልክቷል።

ይህች መጽሐፍ ዛሬም ድረስ ከመታተም አላቋረጠችም። ከሁለት መቶ ኀምሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ተማሪው ያነባታል፤ ተዋናዩ ይጫወታታል፤ ተመልካቹም ይሥቅባታል። ደራሲዋ ግን ከታተመች በኋላ በሕይወት የቈየው አንድ ዓመት ከጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ከመጽሐፊቱ ሽያጭ የተገኘውም ትርፍ ወደ ሌላ ሰው ኪስ እንጂ ወደ እሱ ኪስ አልገባም። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለመረዳት የሰውዬውን ሕይወት ከመጀመሪያው አንሥቶ መመልከት ያስፈልጋልና፣ ለዛሬው እሑድ የኦሊቨር ጎልድስሚዝን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

እኛ ኢትዮጵያውያንም ለዚህ ታሪክ ፈጽሞ ባዕድ አይደለንም። መጽሐፊቱ በመታሰቢያነት የተበረከተችው ለዶክተር ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ጆንሰን ገና በወጣትነቱ የፖርቱጋላዊውን ቄስ የጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 ዓ.ም. ያሳተመ፣ በ1759 ዓ.ም. ደግሞ ራሴላስ የሚባለውን የኢትዮጵያ መስፍን ታሪክ በልብ ወለድ የደረሰ ሰው ነው። ይህንኑ መጽሐፍ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውት በአገራችን አንባቢ ዘንድ የታወቀ ሆኗል። አገራችንን በዓይኑ ሳያይ ተራሮቿን በአሳቡ የወጣ የወረደ ይህ ሊቅ የጎልድስሚዝ የልብ ወዳጅ ነበረ።

ጎልድስሚዝ የተወለደው በ1728 ዓ.ም. ገደማ በአይርላንድ ነው። አባቱ ቻርልስ ጎልድስሚዝ የገጠር ቄስ ሲሆን፣ ገቢው ትንሽ፣ ቤተሰቡ ብዙ፣ እጁ ግን ለእንግዳና ለድኻ የተዘረጋ ሰው እንደ ነበረ ይነገራል። ልጁም ከአባቱ የወረሰው ዋና ርስት ይኸው ነው፤ ገንዘብ በእጁ በርክቶለት አያውቅም። ያደገው ሊሶይ በምትባል መንደር ነው። በልጅነቱ ፈንጣጣ ይዞት ፊቱን በጠባሳ ሞልቶት አለፈ። ቁመቱ አጭር፣ መልኩ የማያምር፣ ንግግሩም የሚደናቀፍ ስለ ነበረ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ መሣቂያ አደረጉት። ፊደል ያስቈጠረችው ሴት እንኳ እንደሱ ያለ ነገር የማይገባው ልጅ አይታ እንደማታውቅ ትናገር ነበር ይባላል።

ከወጣትነቱ ታሪኮች ሁሉ ለጉዳያችን የሚጠቅመው አንዱ ነው፤ ይኸውም ቤተሰቦቹ ሲያወሩት የኖሩት ነው። ዐሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከቤት ወደ ትምህርት ቤት ሲመለስ፣ በውሰት ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ በኪሱም አንዲት ጊኒ ይዞ እንደ ትልቅ ሰው እየተጐማለለ ሲሄድ አርዳ በምትባል ከተማ መሸበት። በመንገድ ያገኘውንም ሰው በከተማው ውስጥ ከሁሉ የሚሻለው ቤት የት እንደ ሆነ ጠየቀው። የእንግዳ ማረፊያ ማለቱ ነበር፤ ሰውዬው ግን ቀልደኛ ኖሮ የባላባቱን የፌዘርስተንን ቤት አሳየው። ወጣቱም ፈረሱን ለአሽከር አስረክቦ ገባና ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጦ እራት አዘዘ፤ የወይን ጠጅ አዘዘ፤ የቤቱንም ጌታ ባለሆቴል መስሎት ከነሚስቱና ከነልጁ አብረውት እንዲጠጡ በቸርነት ጋበዛቸው። ሊተኛ ሲልም ለጧት ቍርስ ትኩስ ኬክ እንዲጋገርለት አስጠነቀቀ። ባላባቱ የልጁን አባት ያውቅ ነበርና ነገሩን ወዲያው ተረድቶ፣ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ሲታዘዘው አመሸ። እውነቱ የተገለጠው ወጣቱ በማግሥቱ ሒሳቡን ሊከፍል ሲነሣ ነው። ከዚያ በኋላ የያዘውን እፍረት አንባቢ ይገምተው። ይህች እፍረት ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ምን እንዳፈራች ወደ ታች እናያለን።

በ1745 ዓ.ም. በደብሊን ከተማ ወደሚገኘው ወደ ትሪኒቲ ኮሌጅ ገባ። የገባው ግን በአገልጋይ ተማሪነት ነው። በዚያ ዘመን ድኻ ተማሪ ክፍያው እንዲቃለልለት ልዩ ቆብ ደፍቶ ግቢ ይጠርግ፣ ለመምህራኑም ማዕድ ያቀርብ ነበር። በአገራችን የቈሎ ተማሪ ለምኖ መማሩን እንደ ውርደት አይቈጥረውም፤ ጎልድስሚዝ ግን ያን ቆብ አልረሳውም፤ ከብዙ ዓመት በኋላም በጽሑፍ ነቅፎታል። አባቱ በ1747 ዓ.ም. ሲሞት ችግሩ ባሰበት። በዚያን ጊዜ ለመንገድ ዘፋኞች ግጥም እየጻፈ አንዱን በአምስት ሽልንግ ይሸጥ ጀመር። ማታ ማታም ከግቢ ሾልኮ ወጥቶ በጨለማ ውስጥ ቆሞ ግጥሙ ሲዘፈንና ሕዝቡ ሲያዳምጥ ይሰማ ነበር ይባላል። የሕዝብን ሳቅና ጭብጨባ መውደዱ የጀመረው ከዚያ መሆን አለበት እንላለን።

ከኮሌጅ ከወጣ በኋላ ያሉትን ዓመታት በአጭሩ እንለፋቸው። ቄስ ሊሆን ቢሞክር ጳጳሱ አልቀበለውም፤ ቀይ ሱሪ ለብሶ ለፈተና ስለ ቀረበ ነው የሚሉም አሉ። ወደ አሜሪካ ሊሄድ ኮርክ ወደብ ወርዶ መርከቡ ጥሎት ሄደ። አጐቱ ቶማስ ኮንታሪን ሕግ እንዲማር ኀምሳ ፓውንድ ቢሰጠው ደብሊን ላይ በቍማር ተበላ። ደጉ አጐት ግን ተስፋ አልቈረጠም፤ በ1752 ዓ.ም. ሕክምና እንዲማር ወደ ኤዲንበርግ ላከው። ከዚያም ወደ ሆላንድ፣ ወደ ላይደን ከተማ ተሻገረ። በዚያ ተበድሮ ያገኘውን ገንዘብ ለአጐቱ ውለታ መላሽ ይሆን ዘንድ ውድ የአበባ ሥር ገዝቶ ላከበትና ባዶ እጁን ቀረ። ከዚህ በኋላ ዋሽንቱን ይዞ በእግሩ አውሮፓን ዞረ። በፍላንደርስ፣ በፈረንሳይ፣ በስዊስ፣ በኢጣሊያ አገር እየተዘዋወረ ሲመሽ በገበሬ ደጅ ዋሽንት እየነፋ እራቱንና ማደሪያውን ያገኝ ነበር። የእኛ አገር አዝማሪ በመሰንቆው እንደሚያድር እሱም በዋሽንቱ አደረ ማለት ነው።

በ1756 ዓ.ም. ሎንዶን ሲገባ የሚያውቀው ሰው አልነበረውም። የመድኃኒት ቀማሚ ረዳት ሆነ፤ በድኾች ሰፈር ሐኪም ሆነ፤ በአንድ ትምህርት ቤት ረዳት አስተማሪ ሆነ፤ በመጨረሻም በመጽሔት ጸሐፊነት ተቀጠረ። በ1758 ዓ.ም. ለሐኪም ቤት ረዳትነት በቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ፊት ተፈትኖ ወደቀ። ከዚያ በኋላ የቀረለት ብዕሩ ብቻ ነው።

በዚያን ዘመን የነበረበትን ኑሮ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በ1759 ዓ.ም. ኋላ ጳጳስ የሆነው ቶማስ ፐርሲ ሊጐበኘው ሄዶ በአንዲት የቈሸሸች ክፍል ውስጥ ሲጽፍ አገኘው። በክፍሉ ውስጥ የነበረው ወንበር አንድ ብቻ ስለ ሆነ፣ ያንኑ ለእንግዳው ለቅቆ እሱ በመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ሲጨዋወቱም በሩ ተንኳኳና ቡትቶ የለበሰች አንዲት ትንሽ ልጅ ገብታ እጅ ከነሣች በኋላ፣ እናቷ ሰላምታ እንዳቀረበችለትና ጥቂት ከሰል እንዲያበድራት እንደምትለምነው ተናገረች። ፍም ከጐረቤት የተጫረበት አንባቢያችን ሁሉ ይህን ይረዳዋል። ፐርሲን የገረመው ድኽነቱ አይደለም፤ በዚያ ድኽነት ውስጥ ከእሱ የሚበደር ሰው መኖሩ እንጂ።

ከጆንሰን ጋር የተዋወቀው በ1761 ዓ.ም. ነው። በ1762 ዓ.ም. ደግሞ ወዳጅነቱ የተፈተነበት ቀን መጣ። ጎልድስሚዝ የቤት ኪራይ ባለመክፈሉ አከራይቱ አስይዛው ወደ ጆንሰን መልእክት ላከ። ጆንሰን አንዲት ጊኒ አስቀድሞ ሰድዶ ወዲያው ተከተለ። ሲደርስ ያቺ ጊኒ በአንድ ጠርሙስ የማዴራ ወይን ጠጅ ተለውጣ አገኛት። ጠርሙሱን በቡሽ ደፍኖ፣ ሰውዬውን አረጋግቶ፣ የሚሸጥ ነገር አለህ ወይ ብሎ ቢጠይቀው አንድ የልብ ወለድ ጽሑፍ አወጣለት። ጆንሰን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ዋጋ እንዳለው ስላየ ወደ መጽሐፍ ሻጭ ወስዶ በስድሳ ፓውንድ ሸጠው። ኪራዩም ተከፈለ። ያ ጽሑፍ በ1766 ዓ.ም. ታትሞ በዓለም የታወቀው «የዌክፊልድ ቄስ» ነው። ለእንዲህ ያለ መጽሐፍ ስድሳ ፓውንድ ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ የተረዱት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የጎልድስሚዝ ታሪክ ሁሉ ሲታይ እንዲህ ነው፤ ገና ሳይበስል ይሸጣል፤ ሲበስል ሌላው ይበላዋል።

በ1764 ዓ.ም. ሠዓሊው ኢያሱ ሬይኖልድስና ጆንሰን ታዋቂውን የሊቃውንት ማኅበር ሲመሠርቱ ከዘጠኙ አባሎች አንዱ ጎልድስሚዝ ነበረ። የፖለቲካው ሰው ኤድመንድ በርክም ከእነሱ ጋር ነበረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ «መንገደኛው» የሚለው ግጥሙ ስሙን ይዞ ታተመ፤ ከዚያ በፊት የጻፈው ሁሉ ያለ ስም የወጣ ነበረ።

አሁን ወደ ቴአትሩ እንምጣ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ኮሜዲ ሳቅ ትቶ ማልቀስ ጀምሮ ነበር። በመድረክ ላይ የሚቀርቡት ሰዎች ሁሉ ደጎች፣ ቃላቸው ሁሉ ምክር ሆነ። ተመልካቹም ልቅሶ ቤት ሄዶ እንደሚመለስ ሰው መሐረቡን አርሶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ድኻና ተራ ሰው በመድረክ ላይ ቢታይና እንደ አመሉ ቢናገር ጨዋው ታዳሚ ያፏጭበታል። ጎልድስሚዝ ይህን ጠላ። የመጀመሪያው ኮሜዲው «ደጉ ሰው» በጃኑዋሪ 1768 ዓ.ም. በኮቨንት ጋርደን ሲታይ፣ ዕዳ ሊያስከፍሉ የመጡ ሰዎች የሚገቡበት ክፍል ወራዳ ነው ተብሎ ስለ ተፏጨበት ከማግሥቱ ጀምሮ ከመድረክ ወጣ። ያን ዕለት ማታ ጎልድስሚዝ ከወዳጆቹ ጋር ደስ ያለው መስሎ ሲዘፍን አምሽቶ፣ ከጆንሰን ጋር ብቻውን በቀረ ጊዜ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ነገር ግን መጽሐፉ ሲታተም ያንን የተባረረ ክፍል መልሶ አስገባው። መድረክ የጣለውን ወረቀት ያዘው። ሕዝቡ በፉጨት የገደለውን አንባቢ በቤቱ ተቀምጦ ይፍረደው ማለቱ ነው፤ የመጽሐፍን ጕልበት ጎልድስሚዝ በዚያን ጊዜ አውቆት ነበር።

በጃኑዋሪ 1773 ዓ.ም. በአንድ መጽሔት ላይ የሚያሥቀውን ኮሜዲ ከሚያስለቅሰው እያነጻጸረ የሚነቅፍ ጽሑፍ አወጣ። በዚያን ጊዜ አዲሱ ኮሜዲው በቴአትር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ በጆርጅ ኮልማን እጅ ተይዞ ነበር።

የኮሜዲው ጭብጥ ያ የአርዳው እፍረት ነው። ማርሎው የሚባል የሀብታም ልጅ ከወዳጁ ከሄስቲንግስ ጋር ሆኖ፣ አባቱ ያጨለትን ልጅ ለማየት ወደ ገጠር ወደ ሃርድካስል ቤት ይሄዳል። በመንገድ ላይ ቶኒ ለምፕኪን የሚባል ቀበጥና ተንኰለኛ ጐረምሳ፣ የሃርድካስል ሚስት ልጅ፣ የእንጀራ አባቱን ቤት የእንግዳ ማረፊያ ነው ብሎ ያሳያቸዋል። ሁለቱም የቤቱን ጌታ እንደ ባለሆቴል ሲያዙትና ሲያመናጭቁት ሽማግሌው ይህን ምን ዓይነት ባለጌ ነው እያለ ይቈስላል። ማርሎው ደግሞ ልዩ ሕመም አለበት፤ በእኩያው በጨዋ ልጅ ፊት ሲቀርብ ምላሱ ይተሳሰራል፤ በገረድና በአሳላፊ ፊት ግን ቀበጥ ነው። የታጨችለት ልጅ ኬት ይህን ስታውቅ ልብሷን ለውጣ የቤት ገረድ መስላ ቀረበችው፤ ዝቅ ብላ ረታችውም። የመጽሐፊቱ ስም የመጣው ከዚህ ነው። ቶኒም እናቱን በሠረገላ ጭኖ ሌሊቱን ሙሉ ቤታቸውን ሲያዞራት አምሽቶ፣ በገዛ ግቢዋ ጥግ አውርዶ ወንበዴ ያለበት ሜዳ ነው ብሎ ያስፈራራታል። ወንዙን የማያውቅ ሰው በቤቱ ውስጥ ይጠፋል ማለት ይኸው ነው።

ኮልማን ግን አልሣቀም። ጽሑፉን ለብዙ ጊዜ ይዞ አቈየው፤ ጎልድስሚዝ ዕዳ ስለ ያዘው ቍርጡን እንዲነግረው ቢለምነው፣ በባዶዎቹ ገጾች ላይ ነቀፌታ ሞልቶ መለሰለት። ጎልድስሚዝ ተናድዶ ወደ ሌላው ቴአትር ቤት ወደ ጋሪክ ላከው። ጆንሰን ይህ ነገር ኮሜዲውን ያስነቅፈዋል ብሎ ካስመለሰው በኋላ ራሱ ኮልማን ዘንድ ሄዶ በግድ ያህል እሺ አሰኘው። ሥራ አስኪያጁ ያልወደደውን ደግሞ ተዋናዮቹም አይወዱትም፤ ስመ ጥሮቹ ስሚዝና ውድዋርድ የተሰጣቸውን ክፍል አንጫወትም አሉ። በእነሱ ፈንታ የማርሎውን ክፍል ሉዊስ የሚባል በዝምታ ጨዋታ ብቻ የታወቀ ሰው፣ የቶኒንም ክፍል ክዊክ ያዙት። የኮሜዲው ስም እንኳ ምን እንዲባል እስከ መጨረሻው ቀን ሳይቈረጥ ቈየ።

ማርች 15 ቀን 1773 ዓ.ም. መጋረጃው ተነሣ። ውድዋርድ ጥቍር ልብስ ለብሶ ወጥቶ ጋሪክ የገጠመውን መቅድም አሰማ፤ የመቅድሙም ነገር ኮሜዲ ልትሞት ስለ ሆነ እሱም ተዋናዩ አብሮ እንደሚሞት፣ ምናልባት ግን አንድ ዶክተር መድኃኒት ይዞ መምጣቱን የሚያወሳ ነበር። ጆንሰንና ጓደኞቹ ተሰብስበው ተቀምጠው ነበር፤ ደራሲው ግን በቦታው አልነበረም። ከፍርሃቱ የተነሣ ምሳው እንኳ አልዋጥ ብሎት ወደ ሴንት ጀምስ መናፈሻ ሄዶ ብቻውን ሲንጐራደድ አንድ ወዳጁ አግኝቶ መለሰው። የገባው በአምስተኛው ክፍል መጀመሪያ ላይ ነው። ልክ ሲገባ አንዲት ፉጨት ሰማና ምንድር ነው ብሎ ደንግጦ ቢጠይቅ፣ ኮልማን፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ በባሩድ በርሜል ላይ ተቀምጠን ቈይተን ስለ አንዲት ርችት ምን ያስደነግጥሃል የሚል መልስ ሰጠው። ጎልድስሚዝ ይህን ቃል ይቅር አላለም። ከዚያች ፉጨት በቀር ግን ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ከዚያ ማታ ጀምሮ እስከ ወራቱ መጨረሻ ድረስ ሕዝብ ሞልቶ ታየ፤ ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊም መጥቶ ተመለከተው። ጋዜጦች በኮልማን ላይ ሲያሾፉበት ሥራ አስኪያጁ መታገሥ አቅቶት፣ ከዚህ ስቅላት አውርደኝ ብሎ ደራሲውን እስከ መለመን ደረሰ።

እንግዲህ ያቺ መጽሐፍ የወጣችው ይህ ሁሉ ሲሆን ከዐሥር ቀን በኋላ ነው። ደራሲ በዚያ ዘመን ከቴአትር የሚያገኘው በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በዘጠነኛው ማታ የተገኘውን ትርፍ ነበር፤ ጎልድስሚዝም በዚህ ወደ አምስት መቶ ፓውንድ ያህል አግኝቷል። የማሳተሙን መብት ግን ለኒውበሪ የሰጠው ለቀድሞ ዕዳው ማቻቻያ ነው፤ ሊጽፍለት ቃል ገብቶ ያልጻፈው ሥራ ነበርና። ኒውበሪን አስከስረው ይሆን ብሎ የተጨነቀው እሱ ራሱ ነው፤ አሳታሚው ግን ከተሰጠው ዕዳ በላይ አተረፈ።

መጽሐፊቱን ስንገልጥ ከሁሉ በፊት የምናገኘው ለጆንሰን የተጻፈውን የመታሰቢያ ቃል ነው። እኛ ከመጽሐፊቱ ሁሉ ደጋግመን የምናደንቀው ይህችን አንዲት ገጽ ነው። በዚያን ዘመን ደራሲ መጽሐፉን የሚያበረክተው ለመስፍን ወይም ለባለጠጋ ነበር፤ ውለታውም በወርቅ ይመለስለታል። ጎልድስሚዝ «መንገደኛው»ን ለወንድሙ ለድኻው ቄስ ለሄንሪ አበረከተ፤ በ1770 ዓ.ም. የወጣውን «የተተወችው መንደር»ን ለወዳጁ ለሬይኖልድስ አበረከተ፤ ይህችን ደግሞ ለጆንሰን። አንዱም ወርቅ የሚከፍል አልነበረም። በዚህች ገጽ ላይ ጎልድስሚዝ ከጆንሰን ጋር ለብዙ ዓመት በቅርብ ወዳጅነት መኖሩን ሕዝቡ እንዲያውቅለት እንደሚሻ፣ ታላቅ ቀልድ ዐዋቂነትም ከእውነተኛ መንፈሳዊነት ጋር በአንድ ሰው ላይ ሊገኝ እንደሚችል ያስረዳል። ቀጥሎም ጨዋ አንደበት ይዞ ኮልማንን ይወጋዋል፤ ልቅሶ የሌለበትን ኮሜዲ ማቅረብ አደገኛ ነገር እንደ ነበረ፣ ሥራውን በየደረጃው ያየው ኮልማንም ሁልጊዜ እንደዚያ ያስብ እንደ ነበረ ይጠቅስና፣ ያም ሆኖ ለሕዝብ አምኖ መስጠቱን፣ ወራቱም እስኪያልቅ ድረስ መዘግየቱን ገልጦ ያመሰግናል። ስድብ የለበትም፤ ኮልማን ግን በመጽሐፊቱ እድሜ ልክ ከዚያች ገጽ አይወጣም።

ቀጥሎ የጋሪክ መቅድም፣ ከዚያም የተዋናዮቹ ስም ዝርዝር አለ፤ ስመ ጥሮቹ አንጫወትም ካሉ በኋላ የሉዊስና የክዊክ ስም ለሁልጊዜ በማርሎውና በቶኒ አጠገብ ታትሞ ቀረ። በመጨረሻው የመደምደሚያ ግጥም ታትሟል፤ ይኸውም ኬትን ሆና የተጫወተችው ወይዘሮ ቡልክሌይ ያሰማችው ነው። ስለዚህ ግጥም በተዋናዮቹ መካከል ጠብ ተነሥቶ ጎልድስሚዝ አንዱን እየተወ ሌላ ሲጽፍ ከርሞ ነበር። በቶኒ ለምፕኪን አፍ እንዲነገር ጆሴፍ ክራዶክ የጻፈውም ሌላ ግጥም ዘግይቶ ስለ ደረሰ በመድረክ ላይ ባይሰማም በመጽሐፉ ውስጥ ቦታ አገኘ። እንግዳ ዘግይቶ ቢመጣም ከደጅ አልተመለሰም።

ደስታው ግን ሰፊ አልነበረም። በማርች 24 ቀን አንድ ጋዜጣ ጎልድስሚዝን በመልኩና በግጥሙ የሚሰድብ፣ የሚወዳትንም የሆርኔክን ልጅ ስም የሚያነሣ የስም የለሽ ደብዳቤ አወጣ። ጎልድስሚዝ ከዘራውን ይዞ ወደ ጋዜጣው አሳታሚ ወደ ኢቫንስ ሱቅ ሄደና ጎንበስ ሲልለት በጀርባው ላይ አሳረፈበት። ኢቫንስ ግን ጠንካራ ሰው ነበረና ተያያዙ፤ ከላይ የተንጠለጠለውም ፋኖስ ተሰብሮ ዘይቱ በሁለቱም ላይ ፈሰሰ። ነገሩ በዕርቅ አለቀ፤ ጎልድስሚዝ ለዌልስ ድኾች ማኅበር ኀምሳ ፓውንድ ከፈለ። ስሟ ስለ ተነሣ ሴት ልጅ ብሎ መነሣቱን ብዙ ሰው አልነቀፈበትም፤ የዘራፍነቱ ዋጋ ግን ከዚያችው ከቴአትሩ ገንዘብ ወጣ።

ቀሪው ገንዘብስ የት ደረሰ? ቀድሞ ተበልቶ ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት «ደጉ ሰው» ያመጣለትን አራት መቶ ፓውንድ በብሪክ ኮርት ለገዛው መኖሪያ አፍስሶታል፤ ከዚያ ወዲህ ለሚያምር ልብስ፣ ለግብዣ፣ ለቍማር፣ ለሚለምነው ሰው ሁሉ የሚበተን ሆነ። ስለ እንስሳት ለሚጽፈው ታላቅ መጽሐፍ የተዋዋለውን ስምንት መቶ ጊኒ ሥራው ሳያልቅ ተቀብሎ ጨርሶታል። በ1774 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዳጆቹ ተሰብስበው እርስ በርሳቸው የመቃብር ጽሑፍ እየገጠሙ ሲጫወቱ ጋሪክ በንግግሩ ላይ አሾፈበት፤ ጎልድስሚዝም መልሱን «ብድር መላሽ» በሚል ግጥም ጀመረ። ሳይጨርሰው ታመመ።

ማርች 25 ቀን ትኩሳት ያዘው። እሱ ራሱ ሐኪም ነኝ ባይ ነበርና መድኃኒት ቀማሚው ሀውስ እየከለከለው የጄምስ ዱቄት የሚባለውን መድኃኒት ካልወሰድሁ አለ፤ ወሰደም፤ ባሰበትም። ሐኪሙ ዶክተር ተርተን የልብ ምቱ ከትኩሳቱ በላይ ቢሆንበት ልብህ ዕረፍት አለው ወይ ብሎ ጠየቀው፤ በሽተኛው የለውም ብሎ መለሰ። አፕሪል 4 ቀን 1774 ዓ.ም. ጧት ሞተ። ዕዳው ወደ ሁለት ሺሕ ፓውንድ ይደርስ ነበር፤ ጆንሰን ይህን ሲሰማ ይህን ያህል የታመነ ገጣሚ ከዚህ በፊት ነበረ ወይ ብሎ ተደነቀ። በርክ አለቀሰ፤ ሬይኖልድስ ያን ቀን ብሩሹን አስቀመጠ። በብሪክ ኮርት ደረጃ ላይ ግን ሌሎች አልቃሾች ነበሩ፤ ሲያገኝ የሚሰጣቸው፣ ስማቸው በየትም ያልተጻፈ ድኾች ሴቶች። ሣጥኑም ከተዘጋ በኋላ ለሜሪ ሆርኔክ ከፀጕሩ ጥቂት እንዲቈረጥላት እንደ ገና ተከፈተ።

በቴምፕል ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀበረ። ወዳጆቹ በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን መታሰቢያ ሲያቆሙለት ጆንሰን የመቃብር ጽሑፉን በላቲን ጻፈ። ላቲን ለእነሱ ያን ጊዜ እንደ ግዕዝ ለእኛ ነው፤ ሊቅ ያነበዋል እንጂ በኬትና በቶኒ የሣቀው ሕዝብ አይገባውም። ስለዚህ ጓደኞቹ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ እንዲሆን ሊለምኑት ፈለጉ፤ ነገር ግን ጆንሰንን ሁሉም ይፈሩት ነበርና ማን ቀድሞ ይፈርም? በ1776 ዓ.ም. ልመናውን በበርክ ብዕር አስጽፈው፣ ማን መጀመሪያ እንደ ፈረመ እንዳይታወቅ ስማቸውን በክብ ዙሪያ አደረጉ፤ ሬይኖልድስም ወሰደለት። ጆንሰን ተቈጣ ወይም ሣቀ፤ እንዲያው ግን የዌስትሚንስተርን ግድግዳ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ እንደማያዋርድ አስታወቃቸው። ጽሑፉ ዛሬም በላቲን ነው።